«አንደርሪፕረዘንትድ» ማለት እኔ ነኝ እንዴ?

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ይዛ ቢሮዬ መጣች። ቢሮ አልኩት እንጂ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ሁለት ወንበር፣ አለቀ። ሥራዬ ትርጉም ነው። የልደት ሰርተፊኬት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የጋብቻ ወረቀት እተረጉማለሁ። ከሁሉም የሚበዛው ግን ውክልና ነው።

«ጋሼ፣ ይቺ ቃል ምን ማለት ናት?» አለችኝ።

የውጭ አገር የማስተርስ ስኮላርሺፕ ማመልከቻ ነው። ታች ላይ፣ «አንደርሪፕረዘንትድ» ከሆኑ ወገኖች የመጡ አመልካቾችን በተለይ እናበረታታለን ይላል። ከሥሩ ትንሽ ሳጥን አለች። ከሆንሽ ምልክት አድርጊ፣ ከዚያ በአጭሩ አብራሪ ነው ነገሩ።

«ስልኬ ‹በቂ ውክልና የሌለው› ብሎ ነው የሚተረጉመው» አለች። «እኔ ደግሞ ለማንም ውክልና ሰጥቼ አላውቅም። ጠበቃም የለኝ። ታዲያ እኔ ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

ሳቅኩ። ከዚያ በራሴ አፈርኩ። ስልኳ የተረጎመውን እኔም ስንት ሰነድ ላይ እንዲሁ ተርጉሜ፣ ማኅተሜን አሳርፌ፣ ገንዘብ ተቀብዬበታለሁ።

ችግሩ ያለው ውክልና የሚለው ቃል ላይ ነው። ቃሉ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ሌላ ሥራ ስላለው ነው። እኔ ቢሮ ውክልና ማለት ወረቀት ነው። ጅዳ ያለች እህት ኮምቦልቻ ያለ ቤቷን ወንድሟ እንዲሸጥላት ቆንስላ ሄዳ ትፈርማለች። ወረቀቱ ይመጣል፣ ይረጋገጣል፣ ወንድም በእሷ ስም ይፈርማል። ሰጪ አለ፣ ተቀባይ አለ፣ እስከዚህ ድረስ የሚል ወሰን አለ። ወንድሟ ካላማራት ደግሞ ውክልናውን ታነሳለች። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም አንቀጽ 2199 ላይ የሚለው ይህንኑ ነው፤ አንድ ሰው ሌላውን ወክሎ በስሙ ሕጋዊ ሥራ ለመሥራት የሚገባው ውል ነው። እንግዲህ ደሴ ላይ አንድን ሰው «በቂ ውክልና የለህም» ብትሉት መጀመሪያ የሚያስበው ወረቀቱ ላይ የጎደለ ነገር እንዳለ ነው። መሸጥ መለወጥ የሚለውን ረስተውት ይሆን እንዴ?

የእንግሊዝኛው ግስ፣ ሪፕረዘንት፣ በአንድ ስም ሦስት ሥራ ይሠራል። አንደኛው የእኛው ውክልና ነው፤ ጠበቃው ደንበኛውን፣ የምክር ቤት አባሉ መራጩን ይወክላል። ሁለተኛው የቁጥር ነገር ነው። ማንም ማንንም አልላከም፣ ማንም አልፈረመም፤ ግን እዚህ ቦታ ላይ ከእነዚያ ሰዎች ውስጥ ስንት አሉ ይባላል። ሦስተኛው መሳል፣ ማሳየት ነው፤ በቴሌቪዥን፣ በፎቶ፣ በወሬ ምን መስሎ ይታያል የሚለው። «አንደርሪፕረዘንትድ» የሚለው ቅጽል ብዙውን ጊዜ የሚኖረው ሁለተኛው ቤት ውስጥ ነው። እኛ ግን ተርጉመን የምንልከው ወደ አንደኛው ነው። ልጅቷ የጠፋችው በመሃል ነው።

ሌላ ማምታቻም አለ። «አንሪፕረዘንትድ» የሚባል ወንድም አለው። አንዲት ፊደል የጎደለችው ይመስላል እንጂ ልዩነቱ ሰፊ ነው። «አን» ማለት የለም፣ ዜሮ ነው። «አንደር» ማለት አለ፣ ግን ያንሳል ነው። ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ የቆመ ሰው የመጀመሪያው ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ላይ፣ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ማቆም አቅቶት ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ያቁምለት የሚለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። በፈረንጆቹ 1991 ሄግ ላይ የተመሠረተና በተባበሩት መንግሥታት ወንበር የሌላቸው ሕዝቦች የተሰባሰቡበት ድርጅትም ስሙ ላይ ያስቀመጠው «አን» ያለውን ቃል ነው። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ጥያቄያቸው ወንበር አነሰን ሳይሆን ጭራሽ የለንም የሚል ነው።

ሁለቱን ቃላት ባንድ ቦታ ማየት ለሚፈልግ ከዋሽንግተን ከተማ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። 700 ሺህ የሚጠጋ ሰው ይኖርባታል። የአሜሪካ ዋና ከተማ ናት። ሴኔት ውስጥ ግን አንድም ሴናተር የላትም፤ እዚያ «አን» ናት። በታችኛው ምክር ቤት አንድ ሰው ትልካለች፤ ይናገራል፣ ይከራከራል፣ ሕግ ሊጸድቅ ሲል ግን ድምፅ የለውም። ይሄ «አን» ነው ወይስ «አንደር»? እኔ እንጃ፤ ሰዎቹም ራሳቸው ይጨቃጨቁበታል። ፕሬዚዳንት ሲመረጥ ደግሞ በፈረንጆቹ ከ1961 ጀምሮ ሦስት የመራጭ ድምፅ አላት፤ እዚህ ላይ ማማረር ይከብዳታል። ከእሷ ያነሰ ሕዝብ ያለው ዋዮሚንግ በበኩሉ እንደማንኛውም ግዛት ሁለት ሴናተር አለው። ከተማዋ በፈረንጆቹ ከ2000 ጀምሮ ብሶቷን መኪና ታርጋ ላይ ጽፋዋለች፤ ያለ ውክልና ግብር እንከፍላለን ትላለች። እንግዲህ አንዲት ከተማ እንደሚለካበት ወንበር ስሟ ይለዋወጣል። ቅጽሉ ለብቻው አይቆምም፤ ሁሌም «የት ውስጥ?» የሚል ጅራት ይፈልጋል። እንግሊዝኛው ላይ ከኋላው «ኢን» የምትል ቃል የምትከተለው ለዚህ ነው። እሷን ጥሎ የሚተረጉም ሰው ግማሹን ትርጉም ጥሏል።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ቃል አንድ ነገር ካላልኩ አይሆንልኝም። እንደራሴ የሚል የሚያምር ቃል አለን። እንደ ራሴ! ከውክልና በላይ ልብ ውስጥ ይገባል። ግን የማን ራስ ነው? ድሮ እንደራሴ የሚባለው ከላይ የተላከ ሰው ነበር። ራስ ተፈሪ በ1909 አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሲባሉ በሕዝብ ፈንታ አልነበረም፤ በንግሥቲቱ ፈንታ ነው። ወደ እኛው ስንመጣ፣ የወሎ ጠቅላይ ግዛት ገዢ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ሆነው ሳለ የደሴውን ሥራ የሚሠራው እንደራሴያቸው ነበር። የደሴ ሽማግሌዎች እንደራሴ ሲሉ በጆሯቸው የሚያቃጭለው እሱ ነው፤ ገበሬው የላከው ሰው ሳይሆን ወደ ገበሬው የተላከ ሰው። በ1923ቱ ሕገ መንግሥትም ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የምክር ቤት አባላቱን መኳንንቱና የአካባቢ ሹማምንቱ ይምረጡ ተብሎ ነበር። ሕዝቡ ራሱ የመረጠው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። 26 ዓመት አለፈ ማለት ነው። ያን ጊዜ የወሎ ገበሬ ምን ይባል? ወረቀቱ ላይ ተወካይ አለው። የላከው ግን እሱ አይደለም። ለዚህ እንግሊዝኛውም ቃል ያለው አይመስለኝም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የተመረቀችው በሜካኒካል ምህንድስና ነው።

«ክፍላችሁ ውስጥ ስንት ሴቶች ነበራችሁ?»

«አምስት።»

«ከስንት?»

«ከአርባ ምናምን።»

«በቃ፣ ይኸውልሽ ቃሉ።»

ዝም አለች፤ ከዚያ «ይሄ ብቻ?» አለች። አዎ ይሄ ብቻ። «አንደርሪፕረዘንትድ» ሁለት ቁጥር ነው። ላይኛው እዚያ ቦታ ላይ ያሉበት መጠን ነው፤ ከአርባ ምናምኑ አምስቱ። ታችኛው ደግሞ በሕዝቡ ውስጥ ያሉበት መጠን ነው፤ ሴቶች ግማሽ ያህል ናቸው። ላይኛው ከታችኛው ሲያንስ ቃሉ ይሠራል። ከዚህ የወጣ ምስጢር የለውም። እኔ አሁን የምተረጉመው «ከድርሻው በታች የሚገኝ» ብዬ ነው፤ የት እንደሆነም እጨምራለሁ፤ በምህንድስና ውስጥ ከድርሻቸው በታች የሆኑ፣ በምክር ቤት ውስጥ ከድርሻቸው በታች የሆኑ። ድርሻ የሚለውን ቃል የማያውቅ የለም። እቁብ የጠጣ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ ሲገባችሁ ብዙ ነገር ይጠራል። ደሃ ማለት አይደለም። ሀብታም ሴትም ምህንድስና ውስጥ ከድርሻዋ በታች ናት። አናሳ ማለትም አይደለም። የደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች በአገራቸው ብዙኃን ነበሩ፤ ፓርላማው ውስጥ ግን በፈረንጆቹ እስከ 1994 ድረስ አልነበሩም። የሴት ብቻም አይደለም፤ መዋዕለ ሕፃናት ሂዱና ወንድ መምህር ፈልጉ። ስድብም አይደለም፤ እንዲያውም በደንብ ካያችሁት ነቀፌታው ወደ ቦታው ነው የሚሄደው እንጂ ወደ ሰውየው አይደለም። ጎደሎው ክፍሉ ነው።

እዚሁ አጠገባችን ሌላ ማያ አለ። ከደሴ ታክሲ ይዛችሁ ቁልቁል ኮምቦልቻ ውረዱ፣ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ የፈረቃ መውጫ ሰዓት ቁሙ። የሚወጣው ጎርፍ ሴት ነው። ወጣት ሴት፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጓደኛዋን ክንዷን ይዛ። ስፌት መስመር ላይ ሴቶች ከድርሻቸው በላይ ናቸው። ወደ ላይ ፎቅ፣ ወደ አለቆቹ ቢሮ ስትሄዱ ደግሞ ይሳሳሉ፤ ይሄ የልብስ ፋብሪካ የዓለም ልማዱ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «እኛ ጋ ሴቶች ከድርሻቸው በታች አይደሉም፣ ሠራተኞቻችን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው» ቢላችሁ የትኛውን ፎቅ እንደቆጠረ ጠይቁት። እግረ መንገዴን፣ በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ሠራተኞች ማኅበር ማቋቋም እንደሚችሉ ይናገራል። ያ ደግሞ የመጀመሪያው ዓይነት ውክልና ነው፤ የሚመረጥ፣ የሚላክ፣ የሚጠየቅ ሰው። ሁለቱ ይለያያሉ። አንድ ፋብሪካ በሴት ቁጥር ሞልቶ የሚናገርላቸው ሰው ላይኖር ይችላል።

ምክር ቤቱንም እንየው። በ2007ቱ ምርጫ ሴቶች ከወንበሩ 39 በመቶ አካባቢ ነበሩ፣ ከ2013ቱ በኋላ ከ40 በመቶ አለፉ። በጥቅምት 2011 የተሾመው ካቢኔ ግማሹ ሴት ነበር። ታዲያ ቅጽሉ መቼ ይወልቃል? በሒሳቡ ከሄድን 41 አሁንም ከ50 ያንሳል፤ ስለዚህ «አንደር» ናቸው። ግን 41ን እና ከአርባ ምናምን ተማሪ አምስትን በአንድ ቃል መጥራት እኔን አይዋጥልኝም። ቃሉ አቅጣጫ እንጂ መጠን አይናገርም። ቁጥሩን አብራችሁ ካልጻፋችሁ አንባቢው የፈለገውን ይሞላበታል።

ሒሳቡን እስከ ጫፍ ስትገፉት ደግሞ ራሱን ይበላል። እዚሁ ወሎ ያለውን የአርጎባ ሕዝብ አስቡ። በቁጥር ትንሽ ነው፣ በየክልሉ ተበታትኖ ነው የሚኖረው። ዝም ብሎ በምርጫ ክልል ሒሳብ ብትሄዱ በየትኛውም ቦታ ላያሸንፍ ይችላል። ለዚህ ነው ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ ከ550 ከማይበልጡት ወንበሮች ቢያንስ 20ው ለአናሳ ብሔረሰቦች ይሁን ያለው፤ አንቀጽ 61 ላይ ደግሞ በፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ ይኑረው፣ ከዚያ በላይ በየ1 ሚሊዮኑ አንድ ይጨመር ያለው። ያ የመጀመሪያው አንድ ወንበር ለትንሹ ሕዝብ ከድርሻው በላይ ነው። ሆን ተብሎ ነው። ዜሮ እንዳይሆን ሲባል ይበልጥለታል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ደረስን። ታችኛው ቁጥር ከየት ይመጣል? ከሕዝብ ቆጠራ። የመጨረሻው ቆጠራ የተደረገው በ1999 ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 በየ10 ዓመቱ ይቆጠር ይላል፤ ቀጣዩ ሲራዘም፣ ሲራዘም እስካሁን አለ። በዚያ ቆጠራ ደሴ ከነዙሪያዋ ወደ 151 ሺህ ሰው ነበራት። ዛሬ ሸዋ በርን ወይም ሙጋድን በገበያ ቀን ተራምዶ ያለፈ ሰው ይህን ቁጥር ቢነግሩት ይስቃል። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጢም አውጥቷል። ስለዚህ እገሌ ከድርሻው በታች ነው፣ እገሌ ከድርሻው በላይ ወሰደ እያልን በየሻይ ቤቱ የምንጨቃጨቀው ሁሉ፣ ላይኛውን ቁጥር እያወቅን ታችኛውን በሆዳችን እየገመትን ነው። ሁሉም የራሱን ሕዝብ አብዝቶ ይገምታል፣ ከዚያ ሁሉም ተበድያለሁ ይላል። ሜትር በሌለበት ጨርቅ እንደ መለካት ነው።

ሦስተኛው ቤት፣ የመታየቱ፣ ለወሎ ሰው የራሱ ታሪክ አለው። ጥቅምት 1977 የቢቢሲ ዘጋቢ ኮረም ገብቶ ያሳየው ረሃብ በዓለም ቴሌቪዥን ሁሉ ዞረ። ያኔ ኮረም ወሎ ነበረች። እንግዲህ ወሎ አልታየችም ማለት አይቻልም፤ ከልክ በላይ ታይታለች፣ ግን በአንድ መልክ። ለዚህ እንግሊዝኛው «ሚስሪፕረዘንትድ» የሚል ሌላ ቃል አለው፤ በተሳሳተ መልክ የቀረበ እንደማለት። ቁጥሩ ሞልቶ መልኩ ሊጎድል ይችላል። (በሌላ በኩል፣ ፍርድ ከተባለ ፍርድ ነው፤ ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል የሚሉትን ሁለት ስሞች ከእኛው ሰፈር ወስደን ስለ ሙዚቃ ከድርሻችን በታች ነን ብንል ማን ይሰማናል?)

ስልኳ ለምን እንደዚያ እንደተረጎመም ነገርኳት፤ ይቺን በጣም ወደደቻት። የትርጉም መተግበሪያ የሚማረው ከተጻፈ ነው። ኢንተርኔት ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ትንሽ ነው። አማርኛን አንደኛም ሁለተኛም ቋንቋ አድርጎ የሚናገረው ሕዝብ ከ50 ሚሊዮን በላይ ነው፤ የአማርኛው ዊኪፒዲያ ግን 15 ሺህ አካባቢ ጽሑፍ ነው ያለው። አይስላንድ ሕዝቧ 400 ሺህ ገደማ ነው፣ የእነሱ ዊኪፒዲያ ከ50 ሺህ ጽሑፍ በላይ አለው። የእኛ ፊደል እንኳ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት ዩኒኮድ የሚባል ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 በፈረንጆቹ ነው። ስለዚህ ስልኩ ቃሉን ያበላሸው አማርኛ ራሱ በኢንተርኔት ላይ «አንደርሪፕረዘንትድ» ስለሆነ ነው።

«ታዲያ ሳጥኗን ልሙላት?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ይህ ቃል በማመልከቻ ላይ እንዲህ የተስፋፋው አሜሪካ ውስጥ ነው። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ድሮ ቃሉን ለአራት የተዘረዘሩ ወገኖች ብቻ ነበር የሚጠቀምበት፤ ጥቁሮች፣ ሜክሲኮ አሜሪካውያን፣ ነባር አሜሪካውያንና በዋናው የአሜሪካ ምድር የሚኖሩ ፖርቶ ሪካውያን። በፈረንጆቹ 2003 ዝርዝሩን ጥሎ በንጽጽር ተካው፤ በሕክምና ሙያ ውስጥ ያለው ቁጥራቸው በሕዝቡ ውስጥ ካለው ቁጥራቸው ሲያንስ ብሎ። ከስም ዝርዝር ወደ ሒሳብ ሄደ ማለት ነው። እኔ ይሄኛው ይሻለኛል። ነገር ግን ሁሉም ፎርም አልተከተለውም፤ አንዳንዱ ዛሬም የአገሩን ዝርዝር ነው በልቡ የያዘው፣ ደሴን አላሰባትም። በዚያ ላይ ከጥር 2025 ጀምሮ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የብዝኃነት ፕሮግራሞችን የሚያስቆሙ ትዕዛዞች ከፈረሙ ወዲህ ብዙ የአሜሪካ ተቋማት ቃሉን ከድረ ገጻቸው እያወረዱት ነው። አንድ ቅጽል በፊርማ ሲባረር ማየት ለእኔ ቢጤ ተርጓሚ እንግዳ ነገር ነው። የልጅቷ ፎርም ግን የአውሮፓ ነው፤ ቃሉ እዚያ አለ።

ፎርሙን ወደ ታች ገፋነው። አመልካቹ የመጣበትን አገርና የትምህርት ዘርፍ እንመለከታለን ይላል። ተገኘ! ዝርዝር የለውም፤ ንጽጽር ነው። «ሙዪው» አልኳት።

መጀመሪያ የጻፈችው ችግሯን ነው። አባቷ እንደሞቱ፣ እናቷ እንጀራ እየሸጡ እንዳስተማሯት። እውነት ነው፣ እናቷን አውቃቸዋለሁ። ግን የተጠየቀችው እሱን አይደለም። «ይሄን ሌላ ቦታ ትጽፊዋለሽ፤ እዚህ ቁጥሩን ስጫቸው» አልኳት። ተከፋች። ከዚያ አጠፋችውና እንደገና ጀመረች፤ ከደሴ እንደሆነች፣ በክፍሏ ከአርባ በላይ ተማሪዎች ሴቶቹ አምስት እንደነበሩ፣ ከአምስቱ በሙያዋ እየሠራች ያለችው እሷ ብቻ እንደሆነች። የመጨረሻዋን እኔም አላውቅም ነበር።

ላከችው። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ስንት ነው ጋሼ?» አለችኝ።

እኔ የማስከፍለው በገጽ ነው። አንድ ቃል ስንት እንደሚመጣ አስቤው አላውቅም።

«ባክሽ ሻይ ጋብዢኝ» አልኳት፤ በሩን ዘግተን ወጣን።